ድልድዩን ትተው ዳገቱን ይፈልጉ፦ የክረምቱን የእንፋሎት ባቡር ለማየት

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ በሴትል–ካርላይል መስመር የሚያልፈውን ታሪካዊ የእንፋሎት ባቡር ለማየት ሪብልሄድ ድልድይ አጠገብ ቆምን። አመሻሽ ላይ ከካርላይል ወደ ደቡብ ሲመለስ አየነው። በፎቶግራፍ የምናውቀው ነጭ ደመና የለም፣ የሚወራለት ድምፅም የለም፤ ዝም ብሎ አለፈ። ከኋላው ደግሞ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተቀጥሎ ነበር። ልጄ ‹አባዬ፣ የሚገፋው እኮ የኋላው ነው› አለኝ። ተታለልን ወይ? ዘንድሮ የት ብንቆም ይሻላል? ወይስ ተሳፍረን ብንሄድ?»

ምላሽ፦

አልተታለሉም። የቆሙት ቁልቁለት ላይ ነው።

ከካርላይል ወደ ደቡብ የሚመጣ ባቡር የመስመሩን ጣሪያ የሚያገኘው አይስ ጊል በተባለው ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 356 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከፍታውን ብዙም ሳይለቅ በጋርስዴልና በዴንት በኩል አድርጎ 2.4 ኪሎ ሜትር ወደሚረዝመው ወደ ብሌይ ሙር ዋሻ ይገባል። ከዋሻው አካባቢ ጀምሮ እስከ ሴትል ድረስ መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ይወርዳል። የሪብልሄድ ድልድይ የሚገኘው በዚህ ቁልቁለት መጀመሪያ ላይ ነው። ነጂው እዚያ ሲደርስ እንፋሎቱን ዘግቶ ባቡሩን ለክብደቱ ይተወዋል፤ እጁም ሐሳቡም ፍሬኑ ላይ ነው። እርስዎ ያዩት ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚንከባለል ማሽን ነው። ያው ባቡር ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከሴትል ሽቅብ ቢመጣ ኖሮ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሰማዩን በሞላው ነበር።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ሪብልሄድን ቢወዱ አይፈረድባቸውም። 24 ቅስቶች፣ 400 ሜትር ርዝመት፣ 32 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ ባዶ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ያለ ባቡርም ያምራል። እኔ ግን የቦይለር (ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ሰው ስለሆንኩ የትኛውንም የመቆሚያ ቦታ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባቡሩ በየትኛው አቅጣጫ ሲሄድ ነው ዳገት የሚሆንበት?» ብዬ ነው። በዚያ ሰዓት ሎኮሞቲቩ እየሠራ ካልሆነ የመልክዓ ምድሩ ውበት አያካክሰውም።

ልጅዎ የጠበቀው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ነጂው ሁለት ነገር ይቆጣጠራል። አንደኛው እንፋሎቱን ከቦይለር ወደ ሲሊንደር የሚለቀው መክፈቻ ነው። ሁለተኛው እንፋሎቱ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሄደ መንኮራኩሩን ከሚያዞረው ከፒስተኑ ጉዞ እስከ ስንት እጁ ድረስ እንዲገባ የሚወስነው መቆጣጠሪያ ነው። ሜዳ ላይ እንፋሎቱ ፒስተኑ ከመንገዱ አንድ አምስተኛ ያህል እንደተጓዘ ይቆረጣል፤ የቀረውን መንገድ ፒስተኑን የሚገፋው አስቀድሞ የገባው እንፋሎት እየተለጠጠ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ጉልበቱ አልቆ፣ በቀስታ ነው። ዳገት ላይ ግን ነጂው እንፋሎቱ ረዘም ላለ መንገድ እንዲገባ ያደርጋል፤ ያ እንፋሎት ገና ብዙ ግፊት እንደያዘ ወደ ጭስ ማውጫው ይወረወራል። የሚሰማው ምት ይህ ነው።

ብልሃቱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ከሲሊንደር የወጣው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ሽቅብ ሲተኮስ የእሳቱን ጭስ አብሮ ይስባል፤ በዚያው ልክ ከታች ንጹሕ አየር በእሳቱ ውስጥ ያልፋል። ሥራው በከበደ ቁጥር ምቱ ይበረታል፣ ምቱ በበረታ ቁጥር እሳቱ ይግላል፣ እሳቱ በጋለ ቁጥር ብዙ እንፋሎት ይፈላል። ማንም ሰው የአየር ማራገቢያ ሳይነካ ማሽኑ ራሱን ይመግባል። ቁልቁለት ላይ መክፈቻው ሲዘጋ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ሪብልሄድ ላይ የገጠማችሁ ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው።

ምቶቹን ለልጅዎ እንዲቆጥር ይስጡት፤ ሎኮሞቲቩን በጆሮው መለየት ይችላል። «ብላክ ፋይቭ» የሚባሉት ባለ ሁለት ሲሊንደር ናቸው፤ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ምት ይሰጣሉ። በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በክሩ ከተማ የተሠሩት «ሊያንደር» እና «ጋላቲያ» ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆኑ ስድስት ምት አላቸው፤ በ1923 የተሠራው ዝነኛው «ፍላይንግ ስኮትስማን»ም እንዲሁ ስድስት ነው። በ1938 የተሠራው «ደቸስ ኦቭ ሰዘርላንድ» አራት ሲሊንደር ቢኖረውም ሁለት ሁለቱ እኩል ስለሚተነፍሱ ተመልሶ አራት ምት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ምት ደረት ላይ ያርፋል። እነዚህ ትልልቅ ማሽኖች የሚነዱበት መንኮራኩር ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ዳገት ቢወጡ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ይህን መቁጠር አይቻልም። የሚቆጠረው ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣ ነው። ስለዚህም አንድ ጣቢያ እጠቁምዎታለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ነጩን ደመና በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ «ጭስ» የሚለው በአብዛኛው ጭስ አይደለም፤ የውኃ ጠብታ ነው። እውነተኛ እንፋሎት በዓይን አይታይም። ባቡሩ በጉልበት ሲያልፍ ከጭስ ማውጫው አፍ በላይ ያለውን ጥቂት ስንዝር ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ባዶ ይመስላል። ደመናው የሚጀምረው ከዚያ በላይ፣ እንፋሎቱ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀዘቅዝ ነው። በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ የሰው ትንፋሽ እንደሚታየው ማለት ነው። በበጋ ቀን አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ያ ጠብታ ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፤ ያው ሎኮሞቲቭ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጉልበት ቢሠራም ከላዩ ስስ መጋረጃ ብቻ ይኖራል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን ደመናው ከባቡሩ ሙሉ ርዝመት ያልፋል፣ ቶሎም አይበተንም። ሰዎች በረዶና ጭቃ ረግጠው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር ማለት አየር አንሶት ሳይቃጠል የቀረ ከሰል ነው። እሳት አንዳጁ ጥቂት አካፋ ሲጨምር ለአጭር ጊዜ መጥቆሩ ያለ ነው፤ ወዲያው መንጣት አለበት። «ደቸስ ኦቭ ሰዘርላንድ» ላይ የእሳቱ ምድጃ ወለል ከአራት ሜትር ተኩል ካሬ ይበልጣል፤ ያንን ስፋት በአንድ አካፋ እኩል መሸፈን፣ ያውም በሚናጥ ወለል ላይ ቆሞ፣ የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ጥቁር ጭስ ሲያዩ ያጨበጭባሉ፤ በሙያው ያሉት ግን የሚኮሩት ነጭና ንጹሕ ሲወጣ ነው። እኔም ወገንተኝነቴ ለእነርሱ ነው።

ወደ ናፍጣው ልምጣ። የልጅዎ ጥርጣሬ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በእንፋሎት ዘመን ፉርጎዎቹን ያሞቅ የነበረው ሎኮሞቲቩ ራሱ ነበር፤ ከቦይለሩ ግፊቱ የተቀነሰ እንፋሎት በቧንቧ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተላለፈ ከመቀመጫዎቹ ሥር ያልፍ ነበር። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ በፉርጎዎቹ መካከል ነጭ ነገር ሲፈነጥቅ የሚታየው የዚያ ቧንቧ መጋጠሚያ እያፈሰሰ ነው። ዛሬ በዋናው መስመር ላይ ከሚሄዱት የሽርሽር ፉርጎዎች ብዙዎቹ የሚሞቁት በኤሌክትሪክ ነው፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ያን ያህል ኤሌክትሪክ አያመነጭም። በክረምት የናፍጣው ዋና ሥራ ይኸው ነው፦ ተሳፋሪው ከቅዝቃዜ እንዲተርፍ። ሁለተኛው ምክንያት ዋስትና ነው። መስመሩ የመደበኛ መንገደኛና የዕቃ ባቡሮችም ነው፤ ታሪካዊው ማሽን ዳገት መሐል ቢበላሽ ወይም መንኮራኩሩ በረጠበ ሃዲድ ላይ እየተንሸራተተ ቢቆም፣ ከኋላው የሚጠብቁት ሁሉ አብረው ይቆማሉ።

ታዲያ ይገፋል ወይስ አይገፋም? አንዳንዴ ይገፋል። መለያው ጆሮ ነው። ዳገት ላይ ሆናችሁ ዐሥር ያህል ፉርጎ የሚጎትተው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ምቱ ጠንካራና የተነጣጠለ ከሆነ፣ ናፍጣው ሲያልፍ ደግሞ ዝቅ ያለ የማጉረምረም ድምፅ ብቻ ካሰማ፣ ሥራው የፊተኛው ነው። እንዲያውም ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝነውን የናፍጣ ማሽን ጭምር እየጎተተ ነው ማለት ነው። የፊተኛው ለስላሳ ሆኖ የኋላው እያገሳ ካለፈ የልጅዎ ዳኝነት ትክክል ነው። እናንተ በቆማችሁበት ቁልቁለት ግን ሁለቱም እየተንከባለሉ ስለነበር ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ቅዝቃዜ ሲመጣ አዲሱ ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለው ደግሞ አያስቡ። በ2008 ከአዲስ የተሠራው «ቶርኔዶ» የተባለ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በዲሴምበር 2009 ለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ላይ የገና ሽርሽር ይዞ ነበር። በረዶው የኤሌክትሪክ ባቡሮችን አገልግሎት አመሰቃቅሎት ስለነበር ጣቢያው ውስጥ ተጉላልተው የቀሩ መቶ ያህል ሰዎች በባዶ መቀመጫዎቹ ላይ ተሳፍረው ወደ ኬንት ቤታቸው ገቡ። በዚያ አካባቢ ባቡሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት መሬት ላይ ከተዘረጋ ሦስተኛ ሃዲድ ነው፤ ያ ሃዲድ በረዶ ከለበሰ ግንኙነቱ ይቋረጣል። እሳቱን በሆዱ የተሸከመ ማሽን ይህ ችግር የለበትም። የራሱ ክረምታዊ ጣጣ ግን አለው፤ ውኃ የሚያልፍበት ቀጭን ቧንቧ ሁሉ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝ ሰው ነቅቶ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ቦታው። የተለመደው የክረምት ጉዞ ከደቡብ በዋናው የምዕራብ መስመር፣ በሻፕ ዳገት በኩል አድርጎ ካርላይል ይደርስና ከሰዓት በኋላ በሴትል መስመር ይመለሳል። ሻፕ ከሴትል መስመር ይልቅ የቆመ ነው፤ ከቴቤይ በኋላ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በየ75 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ለጆሮ ግሩም ነው፤ ለዓይን ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦ ያበላሸዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን የመልሱን ጉዞ እመርጣለሁ፤ መቆሚያዬም ከአፕልቢ እስከ አይስ ጊል ባለው ውስጥ ይሆናል። ከአፕልቢ በስተ ደቡብ ካለው ከኦርምሳይድ ጀምሮ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ዳገት ነው፤ ባብዛኛው በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር። ሎኮሞቲቩ ያንን ሁሉ ሲወጣ ማረፊያ የለውም።

ቀላሉና ለልጅ የሚስማማው አፕልቢ ጣቢያ ነው። ወደ ደቡብ የሚመለሰው ባቡር ብዙውን ጊዜ ውኃ ለመቅዳት እዚያ ይቆማል። ከሎኮሞቲቩ ጀርባ የተቀጠለው የከሰልና የውኃ ፉርጎ በትልልቆቹ ላይ 18,000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት መሙላት ግዴታ ነው። ቧንቧው ገብቶ ውኃው እስኪሞላ ድረስ ከመድረኩ ላይ ሆናችሁ ሁሉን ነገር በቅርብ ታያላችሁ፦ ነጂው ዘይት መስጫውን ይዞ በመንኮራኩሮቹ መካከል ሲያጎነብስ፣ መጋጠሚያዎቹን በእጁ ጀርባ እየነካ ከልክ በላይ የጋለ እንዳለ ሲፈትሽ፣ እሳት አንዳጁ ከሰሉን ወደ ፊት ሲያጋፍፍ። ሲነሣ ደግሞ ከሲሊንደሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ነጭ ነገር እየጮኸ ይወጣል፤ ልጅዎ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ይንገሩት። ባቡሩ ቆሞ ሳለ ሲሊንደሮቹ ስለሚቀዘቅዙ ውስጣቸው ውኃ ይጠራቀማል። ውኃ ደግሞ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ቢያገኘው የሲሊንደሩን ክዳን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ነጂው ማፍሰሻዎቹን ከፍቶ ይነሣል፣ ጥቂት ሄዶ ይዘጋቸዋል። ከተዘጉ በኋላ ምቶቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ልጁ መቁጠር ያለበት ያኔ ነው።

የበለጠ የሚፈልጉ ከሆነ ወደ አይስ ጊል ይውጡ። መኪና ያስፈልጋል፤ ከከርክቢ ስቲቨን በማለርስታንግ ሸለቆ በኩል የሚሄደው መንገድ እስከ ሃዲዱ ድረስ ያደርሳል። ከመስመሩ በስተ ምዕራብ 708 ሜትር ከፍታ ያለው ዋይልድ ቦር ፌል ተራራ ይቆማል። ፎቶግራፉ ሁሉ የሚነሣው ከምሥራቅ በኩል ተራራውን ከጀርባ አድርጎ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፤ የክረምት ከሰዓት ፀሐይ ከተራራው ኋላ ቶሎ ትገባለች፣ ሸለቆውም ይጨልማል። በጃንዋሪ መጀመሪያ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የባቡሩን ሰዓት አስቀድመው አይተው፣ ብርሃን ከሌለ ለፌብሩዋሪ ያቆዩት። ለመስማት ብቻ ከሆነ ግን ጨለማ አያግድም፤ ጸጥ ባለ ምሽት ድምፁ ባቡሩ ከመታየቱ ብዙ ደቂቃ ቀድሞ ከሸለቆው ይወጣል፣ የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥርም ከላይ ያለው ደመና ከሥሩ ይቀላል።

ይህ መስመር ራሱ ሊዘጋ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ለዓመታት የዘለቀ ክርክር ከተደረገበት በኋላ በ1989 ነው የዳነው። በኦገስት 11 ቀን 1968 የብሪታንያ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት የመንገደኞች ጉዞ ሲያደርግም «ኦሊቨር ክሮምዌል» ከማንቸስተር ወደ ካርላይል የሄደው በዚሁ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ በዋናው መስመር ላይ እንፋሎት ታገደ፤ እገዳው የላላው በኦክቶበር 1971 ነው። አሁን ያሉት የሽርሽር ጉዞዎች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ደኅንነት አጭር ቃል። አጥር አይሻገሩ። በ2016 «ፍላይንግ ስኮትስማን» ታድሶ ከለንደን ወደ ዮርክ ሲሄድ ሰዎች ሃዲዱ ላይ ወጥተው ባቡሩ መሐል መንገድ ለመቆም ተገድዷል። ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ ከቅጣቱ በላይ ግን መደበኛው ባቡር ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ የእንፋሎቱን ድምፅ የሚጠብቅ ጆሮ አይሰማውም። ከቤት ከመውጣትዎ በፊትም በዕለቱ ጠዋት የባቡር መከታተያ ድረ ገጾችን ይመልከቱ፤ ሎኮሞቲቩ በመጨረሻ ሰዓት በሌላ፣ አንዳንዴም በናፍጣ ይተካል። በሊድስና በካርላይል መካከል ያሉት መደበኛ ባቡሮች አፕልቢ ይቆማሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው ይያዙ። ከርክቢ ስቲቨን ላይ ከወረዱ ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ መሆኑን ይወቁ፤ ከልጅ ጋር በውርጭ የሚሄዱት መንገድ አይደለም።

መሳፈርን በተመለከተ፣ ዋጋው ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ፓውንድ ያልፋል፤ ተሳፋሪ ደግሞ ሎኮሞቲቩን የሚያየው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። እኔ ዘንድሮ አፕልቢን አሳይቼው ልጁ ከወደደው በሚቀጥለው ዓመት እሳፈራለሁ። ያኔ ቦታ ሲይዙ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ባሉት ፉርጎዎች ይሁን፤ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ወዲያ ድምፁ ይደክማል። ካርላይል ላይ ሎኮሞቲቩ ዞሮ በሌላኛው ጫፍ ስለሚቀጠል ሲሄድ ፊተኛ የነበረው ፉርጎ ሲመለስ ኋለኛ ይሆናል። ቲኬት ሻጩን በአይስ ጊል ዳገት ላይ ከፊት የሚሆነው የትኛው ፉርጎ እንደሆነ ይጠይቁት፤ የሻፑን ዳገት በሩቁ ቢሰሙት ይሻላል።